ካፒታኖው በጋ ያለው ክረምት

ግንቦት 3 ቀን 1930፣ ረቡዕ። ደብረ ታቦር

ይህን ደብተር ከቢሮ ያመጣሁት ለጥንቃቄ ነው። ነገር ቢበላሽ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንዳዘዘ በየቀኑ ተጽፎ ይገኝ። እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አስመራ አንድ ጣሊያን ነጋዴ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቼ ቋንቋውን ተማርኩ፤ ጣሊያኖቹ አገሩን ሲይዙ ደግሞ ቋንቋው እንጀራዬ ሆነ። የሌላውን ሰው ቃል አሻግራለሁ እንጂ ከራሴ አልጨምርም።

ዛሬ ካፒታኖ ፌሬቲ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶግራፍ ዘርግቷል። አሜሪካ ውስጥ ያለ ትልቅ ገደል ነው። ሰው ከዓለም ዳር እየመጣ ያየዋል አለኝ።

«እኛም አለን። የዓባይ ገደል ከዚህ አያንስም። ባለቤቴና ልጆቼ በበጋው፣ ትምህርት ሲዘጋ ይመጣሉ። ወስጄ አሳያቸዋለሁ። ጉዞውን የምታዘጋጀው አንተ ነህ።»

በጋው መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። የነገረኝን ቀን ስቆጥረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ዋለ። እዚህ አገር ሰኔ መጨረሻ ክረምት እንደሆነ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት፣ ገደሉም ጉም ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ፈገግ አለ።

«ማንን ለማዳን ነው የምትዋሸው፣ ፈንታሁን? ሽፍቶቹን?»

ጉም አለ አልኩ እንጂ ሌላ ምን አልኩ?


ግንቦት 5፣ ዓርብ

ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ ነገርኳት። ከፋሲካ ወዲህ ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ አትቀርብም። እናቷ እመት ጌጤ እኛ ቤት ከገቡ ደግሞ ባሰባት። የእመት ጌጤ ቤት ዓባይ አፋፍ፣ አንዳቤት ነበር፤ በፋሲካ ሰሞን ወታደሮች አቃጠሉት፣ የእሸቴ ቤት ነው ብለው። እሸቴ የጥሩወርቅ ታላቅ ወንድም ነው። ከጥር ጀምሮ ዓባይ በረሃ ወርዶ ሸፍቷል።

ቤቱን ማን እንዳመለከተ አይታወቅም። እኔ ቢሮ የተጠየቅሁት የአባቱን ስምና አጥቢያውን ብቻ ነው። ያን ደግሞ አገር ያውቀዋል።

እመት ጌጤ ድሮ «አንተ» ነበር የሚሉኝ፤ «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። አሁን «አንቱ» ሆኛለሁ። «ይግቡ እንጂ»፣ «ይብሉ እንጂ»፣ ቤታቸው ሹም እንደ ገባባቸው ሁሉ ብድግ እያሉ። እንዲህ ከሚሉኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ዓለሚቱ ብቻ ናት የጠየቀችኝ። «አባዬ፣ እኛም እንሄዳለን?» አለችኝ። እንደማንሄድ ነገርኳት።


ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

በቅሎ ፍለጋ ሁሴን ዘንድ ሄድኩ። በቅሎ በማከራየት ከእሱ የሚበልጥ በከተማው የለም። አጥሩ በር ላይ ቆሞ አነጋገረኝ፤ ግቡ አላለኝም።

«በቅሎዎቹ ታመዋል፣ አቶ ፈንታሁን።»

«ሁሉም?»

«አንድ አልቀረ።»

ከኋላው ገብሳቸውን ሲቆረጥሙ ይሰማኛል። «ምን የሚሉት በሽታ ነው?» አልኩት።

«ኮርቻው የማን እንደሆነ ሲያውቁ የሚነሣባቸው ነው» አለኝ፤ አልሳቀም።


ግንቦት 9፣ ማክሰኞ

ወታደሮች የሁሴንን አሥራ ሁለት በቅሎዎች ወሰዱ። እሱንም ሊነዳቸው አብሮ እንዲሄድ አዘዙት። ካፒታኖው «በእውነት ታመዋል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ገብስ ሲበሉ ሰማሁ አልኩ። ተጠይቄ ነው የተናገርኩት።


ግንቦት 14፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቆምኩበት ግራና ቀኝ ያለው ሰው ቀስ እያለ ሸሸ። ስወጣ ሁለት ሴቶች ከቅጥሩ ሥር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«አሁን በዚያ አፉ ነው የቤተ ክርስቲያኑን በር የሚሳለመው?»

«ለእሷ ነው የማዝነው። ከማን ጋር እንደምትኖር አስቢው።»

ጥሩወርቅ ከኋላዬ ነበረች። ሰምታለች። ፊቷን ዞር ብዬ አላየሁም።


ግንቦት 18፣ ሐሙስ

ድንኳን ስድስት። አልጋ አራት። ለሲኞራዋ፣ ለካፒታኖው ባለቤት፣ መታጠቢያ ገንዳ፤ በቅሎ ላይ እንዴት እንደሚጫን እግዜር ይወቅ። ወይን። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ። ጠረጴዛው ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አድርጎ መዘርጋት አለበት። ስለ ዝናቡ ደግሜ ተናገርኩ። ደግሞ ሳቀብኝ። «በጋ ነው» አለኝ። ከቢሮው ስወጣ ያንጠባጥብ ነበር።


ግንቦት 22፣ ሰኞ

ካፒታኖው ካርታውን ዘርግቶ ከአንዳቤት በታች ያለውን አገር በጣቱ ከበበው። «እዚህ ያለው የሚስትህ ወንድም ነው አይደል?» አለኝ። ያውቃል። በጥር ሲቀጥረኝ ሌላ ሰው ቀድሞ ሳይነግርብኝ ብዬ እኔው ነግሬዋለሁ።

ከዚያ ትንሽ ተነጋገርን። ሲጨርስ ትከሻዬን መታ አደረገኝና፣ «እንግዲያው አንተም ባለቤትህንና ልጅህን ታመጣለህ። ቤተሰብ ከቤተሰብ ጋር ይዝናናል» አለኝ።

ግብዣ ነው። እንዲህ ያለ ግብዣ ለሌላ አስተርጓሚ አልተደረገም።


ግንቦት 23፣ ማክሰኞ

ለጥሩወርቅ ነገርኳት። ጤፍ ትለቅም ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጠችው። ከፋሲካ ወዲህ ቀና ብላ ያየችኝ ዛሬ ነው።

«ከፊት ልታደርጉን ነው? ወንድሜ እንዳይተኩስ?»

«ለመዝናናት ነው አለ።»

«ይህን ያሰበው ማን ነው?»

«ካፒታኖው ነው።»

«መጀመሪያ የተነገረው በጣሊያንኛ ነው በአማርኛ?»

ሰፌዷን አንሥታ ለቀማዋን ቀጠለች። እመት ጌጤ ከጓዳ ሆነው፣ «ይረፉ እንጂ፣ ደክመው ነው የመጡት» አሉኝ።


ሰኔ 1፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለኝም። እውነቱን እዚህ ካልጻፍሁት የት እጽፈዋለሁ?

ያን ቀን ካፒታኖው ካርታውን እያየ፣ «ይህ እሸቴ የሚሉት ልጆቼ ላይ ይተኩሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። «እህቱ ካለችበት አይተኩስም» አልኩት። ያልኩት ይኸው ነው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉም፣ ስለ መንገድ የተናገርኩትን ሁሉ ሲስቅበት ከርሞ አንድ ጊዜ እንኳ ብልህ ነው እንዲለኝ ፈልጌ ነው። አለኝም። «ብልህ ሰው ነህ» አለኝ።

በጣሊያንኛ ነው የተናገርኩት። ሲነገር ቀላል ነበር።


ሰኔ 8፣ ረቡዕ

ዓለሚቱ ትስላለች ብዬ ለካፒታኖው ነገርኩት፤ እናቷም ልታስታምማት ትቅር አልኩ። እውነትም ሌሊት ስትስል ነበር። ሐኪማቸውን ላከብኝ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ ምላሷን አይቶ ሄደ። ማምሻውን ደጃፋችን ላይ ሁለት ወታደር ቆመ። ጥሩወርቅ ወጥታ አየቻቸውና፣ «እነዚህም ለመዝናናት ነው የመጡት?» አለችኝ።


ሰኔ 11፣ ቅዳሜ

እመት ጌጤ ለነገው ለሰኔ ሚካኤል ስእለት አለብኝ ብለው ወጡ። ወታደሮቹ አሮጊት ናቸው ብለው አለፏቸው። ጋቢያቸውን ደርበው ዕቃቸው ያለባትን ትንሽ ሳጥናቸውን ለአንዲት ሴት አሸክመዋል። ለአንድ ቀን ንግሥ ሳጥን ምን ያደርጋል? እርጅና ነው መቼም።

በር ላይ ቆም ብለው ዓለሚቱን ብዙ ሳሟት። እኔን፣ «ደኅና ይሁኑ» አሉኝ።


ሰኔ 14፣ ማክሰኞ

እመት ጌጤ አልተመለሱም። የዘመድ ቤት ሰንብተው ይሆናል ትላለች ጥሩወርቅ።

ደስ የሚል ነገርም አለ። ዛሬ ሽሮ ሠርታ ከእኔ ጋር ቀረበች። በላን። «እንሂድ እንግዲህ፤ ካልቀረ ልጅቷም የእናቴን አገር ትይ» አለችኝ። በየት በኩል እንደምንወርድ፣ አፋፉ ላይ የቱ ጋ እንደምንሰፍር ጠየቀችኝ። ካርታውን በጣቴ ምድጃው አጠገብ አመዱ ላይ ሣልኩላት። በደንብ አየችው። ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የተነጋገርነው? መንፈስ ቅዱስ ልቧን አራራው አልኩ።


ሰኔ 20፣ ሰኞ

ሲኞራዋ ከጎንደር ደረሰች፤ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ሕፃን ወንድ ልጅ አሏት። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቀርቅሮባቸዋል። ቀጭን ናት፤ ፊቷ ነጥቷል። ከመኪናው ወርዳ መጀመሪያ የተናገረችው፣ «እዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ይዘንባል?» የሚል ነው። ካፒታኖው ወደ እኔ ሲያይ መሬት መሬቱን አየሁ።

ማታ በመስኮቱ ሥር ሳልፍ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። መሄድ አልፈልግም ትላለች፤ ልጆቹ ይታመማሉ ትላለች። እሱ ቆጣ ብሎ፣ «ምንም አይነካችሁም። የአስተርጓሚው ሚስትና ልጅ ከፊታችሁ ይሄዳሉ» አላት።

«ሰውየው እሺ አለ?»

«ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነው። እናቱንም ቢሆን ይሸጣታል፤ የሚጠቅመኝም ለዚህ ነው።»

ሲኞራዋ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ከልጆቼ አጠገብ እንዲሄድ አልፈልግም» አለች።

ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ማንም ያልተረጎመልኝ ቃል ነው። በደንብ ገብቶኛል።


ሰኔ 24፣ ዓርብ

ጉዞ። ዝናብ። ሠላሳ ወታደር። ገንዳው ከበቅሎ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ጥሩወርቅና ዓለሚቱ ከሁሉ ፊት፣ በአንድ በቅሎ። ሁሴን አያነጋግረኝም።


ሰኔ 26፣ እሑድ። እስቴ

በመንገድ ላይ ሰው አላየንም። ቤቶቹ ጢስ አላቸው፣ ሰው የላቸውም። የሲኞራዋ ሴት ልጅ ባርኔጣዋን አውልቃ ለዓለሚቱ አጠለቀችላት። ጥሩወርቅ ምንም ሳትል አውልቃ መለሰችላት። ሲኞራዋ አየች፤ ፊቷ ቀላ። ሁለቱ ሴቶች ለረጅም ጊዜ ተያዩ። የምተረጉመው ነገር አልነበረም።


ሰኔ 29፣ ረቡዕ። አንዳቤት

ጎተራ ውስጥ ቆልፈውብኛል። ከንፈሬ አብጧል፣ ግን እጄ ይጽፋል። የሆነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

ጠዋት ከአንዳቤት ተነሥተን አፋፉ ላይ ደረስን። ምንም አይታይም። ከእግራችን ሦስት ክንድ ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ጉም ነው። ዓባይ ከሥር ይሰማል እንጂ የት እንዳለ አይታወቅም። ካፒታኖው ግን ጠረጴዛው ይዘርጋ አለ። ነጩ ልብስ ተነጠፈ፣ ወይኑ ተከፈተ፣ ወንበሮቹ ፊታቸውን ወደ ጉሙ አድርገው ተደረደሩ። ሕፃኑ በብርድ አለቀሰ። ሲኞራዋ ወደ ጉሙ ስታይ ቆየችና ሳቀች፤ ሳቋ እየቆየ ወደ ልቅሶ ሄደ።

ካፒታኖው ወደ እኔ ዞረ። «ሆን ብለህ ነው እዚህ ያመጣኸን!»

ጥሩወርቅንና ዓለሚቱን ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ጫፉ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀምጧቸዋል። ከታች ያለ ሰው መጀመሪያ እነሱን እንዲያይ ነው። ጋቢ ልሰጣቸው ቀረብኩ።

«ፈንታሁን» አለችኝ። ከፋሲካ ወዲህ በስሜ አልጠራችኝም ነበር። «ከጀርባዬ መውረጃ አለ። ያደግሁበት አገር ነው። ና።»

«ምን?»

«ና እንሂድ። ሦስት እርምጃ ብንሄድ አያዩንም።»

ዓለሚቱ እጇን ዘረጋችልኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ይዤው ነበር።

ያኔ ካፒታኖው በስሜ ጮኾ ተጣራ። እኔም «አቤት ጌታዬ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። እጇን ለቅቄ ሄድኩ።

የጠራኝ ለሁሴን አንድ ነገር እንድነግርለት ነበር። ዳቦው ለምን ረጠበ ነው ጥያቄው። ተረጎምኩ። ሁሴን ዝናብ ስለሆነ ነው አለ። ያንንም ተረጎምኩ። አቡነ ዘበሰማያት አንድ ጊዜ የሚደገምበትን ያህል ቢፈጅ ነው። ስመለስ ድንጋዩ ላይ ጋቢው ብቻ ነበር።

ቆምኩ። ጉሙን አየሁ። አንዲት ጠጠር ስትንከባለል ሰማሁ፤ ከዚያ እሷም ቆመች። ያኔም ቢሆን መከተል እችል ነበር። ይህን እጽፈዋለሁ፤ ያኔም እችል ነበር።

«ሴትዮዋ የት ሄደች?» አለ ካፒታኖው ከጠረጴዛው ሆኖ።

«ልጅቷን ሆዷን አሟት፣ ከበቅሎዎቹ ኋላ ናቸው» አልኩ።

አንገቱን ነቀነቀና ወደ ወይኑ ዞረ። አመነኝ።

መጥፋታቸው ዕቃ ሲጫን ነው የታወቀው። ሲመቱኝ ሲኞራዋ የልጆቿን ዐይን በእጇ ሸፈነች። ከታች አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ከፊት የቀደመ ሴትና ሕፃን ሳይኖር ያን ሁሉ መንገድ ተመለስን፤ አርበኞቹ ግን የሲኞራዋን ልጆች አልነኩም።


ሰኔ 30፣ ሐሙስ

ጠዋት አፋፉ ላይ መልሰው ወሰዱኝ። ጉሙ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ገደሉ ጥቁር ሆኖ ታየ። ካፒታኖው የምጮኸውን ነገረኝ። «ተመለሱ፣ ምንም አትሆኑም፣ ካልተመለሳችሁ ግን እኔን ይገድሉኛል» ነው ቃሉ። አጠገቤ የወታደሮቹን አለቃ፣ ሹምባሹን፣ አቆመብኝ። ኤርትራዊ ነው፣ ሽበታም ሰው፤ አማርኛ ከእኔ ባላነሰ ያውቃል።

እጄን አፌ ላይ አድርጌ ጮህኩ።

«ጥሩወርቅ! ዓለሚቱ! እንዳትመለሱ!»

ገደሉ ድምፄን ወስዶ መለሰልኝ። ከዚያ ያላሰብኩት ወጣ።

«እሸቴ! የእናትህን ቤት ያመለከትሁት እኔ ነኝ! እህትህን ከፊት እናድርግ ያልኩትም እኔ ነኝ! ዓለሚቱ፣ እጅሽን የለቀቅሁት እኔ ነኝ!»

የስሞቹ ብዛት ካፒታኖውን አጠራጠረው። ወደ ሹምባሹ ዞሮ፣ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው።

ሹምባሹ አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። ከዚያ በጣሊያንኛ፣ «ኑ ነው የሚላቸው። ኑ፣ ይገድሉኛል ይላል» አለ።

እስከ እኩለ ቀን ጠበቅን። ማንም አልመጣም። ሲኞራዋ ትኩሳት ይዟት ድንኳን ውስጥ ናት። ካፒታኖው እንደማይገድለኝ ነገረኝ፤ ጎንደር እስር ቤት አለ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ አለ አለኝ። የጠፋች አንድ በቅሎ እንዲፈልግ ሁሴንን ወደ ታች ላከው።


ሐምሌ 2፣ ቅዳሜ። እስቴ

እጄ ታስሯል፤ ለመብል ሲፈቱልኝ ነው የምጽፈው። ነገ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ወደ ጎንደር።

ሁሴን ከነበቅሎዋ ተመልሷል። ዛሬ ውሃ ያመጣልኝ እሱ ነው። ወታደሩ ፈቀቅ ሲል አጠገቤ ተቀመጠ። ከግንቦት ወዲህ አላነጋገረኝም ነበር፤ ዛሬ «አንተ» ብሎ አነጋገረኝ።

«በቅሎዋን ያገኘኋት እነሱ ዘንድ ነው» አለኝ። «መለሱልኝ።»

«አየሃቸው?»

«አየኋቸው። አሮጊቷም እዚያው ናቸው፣ ቀድመው ወርደው ነበር።»

እመት ጌጤ። ሳጥኑ። አሁን ገባኝ። አመዱ ላይ የሣልኩላትም ለምን እንደጠቀማት አሁን ገባኝ።

«እሸቴ ምን አለ?»

«ስለ አንተ? አልተናገረም። ስምህ ሲነሣ ተነሥቶ ሄደ።»

«እሷስ?»

«ምንም አላለችም። ምን እንድትል ትፈልጋለህ?»

ምን እንድትል እንደምፈልግ አላወቅሁም። ደብተሩን እንዲይዝልኝ ጠየቅሁት። ለዓለሚቱ ይስጣት፤ ፊደል አስተምሬያታለሁ፣ ስታድግ ታነበዋለች። ሁሴን ደብተሩን ሳይነካው ትንሽ አሰበ።

«ሁሉንም ጽፈሃል?»

«ሁሉንም።»

«በቅሎዎቼንም?»

«እነሱንም።»

ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ ይወስደዋል። ወታደሩ እየተመለሰ ነው፤ ይህችን ብቻ ልጨምር።

«ስትጮህ እዚያው ከአፋፉ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ ነበሩ» አለኝ ሁሴን። «ቃልህ አንድ በአንድ ይሰማቸው ነበር። ልጅቷ ‹አባዬ› ብላ ልትመልስልህ አፏን ስትከፍት እናቷ በመዳፏ ያዘቻት። ያ ሁሉ ወታደር በላያቸው ነበር።»

«ለረጅም ጊዜ ያዘቻት?» አልኩት።

«ጮኸህ እስክትጨርስ» አለኝ።